አባዬ፣ ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፍልህ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ

እንዴት ሰነበትክ አባዬ? ጤናህ እንዴት ነው፣ እግርህስ፣ ብርዱስ እንዴት አደረገህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፣ ካንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብንም። ይሄን የምጽፈው በስልኬ ነው፣ ማታ ማታ ከሥራ ገብቼ ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ ትንሽ ትንሽ እያልኩ፣ ስለዚህ ወሬው ከዚህም ከዚያም ቢሆንብህ ታገሰኝ። ለወንድሜ በቴሌግራም እልክለታለሁ፣ እሱ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ፊደሉን ትልቅ አስደርጎ ፕሪንት ያደርግልሃል። የሱ ልጅ ታንብብልህ፣ ንባቧ እንደ ውሃ ነው አሉኝ። ግን መሃል ላይ "እዚህ ጋ አቁሚ" ብዬ የጻፍኩበት ቦታ አለ፣ እዛ ስትደርስ ወረቀቱን ተቀበላትና የቀረውን አንተው ራስህ ጨርሰው። ፊደሉን አስተልቅልኝ ያልኩት ለዚሁ ነው። በሁለት ቀንም በሳምንትም ይለቅ ግድ የለም፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለህ ቀስ እያልክ። አንተ ከጦር ሜዳ ተመልሰህ፣ ጢም አውጥተህ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከሕፃናት ጋ ቁጭ ብለህ ፊደል የቆጠርክ ሰው ነህና ይሄ አያቅትህም።

ልጆቹ አድገዋል። ትልቁ አሥራ አንድ ሞላው፣ ትከሻዬ ጋ ደርሷል፣ እግሩ ያንተ ነው፣ ረጅምና ቀጭን፣ ከኋላ ሲሄድ ሳየው አንተን ያየሁ ይመስለኛል። ኳስ ይወዳል፣ አማርኛ ይሰማል ግን ሲመልስ በእንግሊዝኛ ነው፣ እየተቆጣሁት ነው። ትንሿ ሰባት ዓመቷ ነው። ባለፈው ትምህርት ቤት የምትወዱትን እንስሳ ሳሉ ተብለው እሷ ዋልያ ሳለች፣ አስተማሪዋ ፍየል መስሏት ደስ የሚል ፍየል ነው ብትላት አለቀሰች አሉ። ፍየል አይደለም፣ ዋልያ ነው፣ በዓለም ላይ ያለው አያቴ አገር ብቻ ነው፣ አያቴ ነው የሚጠብቃቸው አለቻት። ጡረታ ከወጣህ አሥራ ሁለት ዓመት እንደሆነህ አልነገርኳትም። ስዕሉን ፎቶ አንስቼ ልኬዋለሁ፣ ወንድሜ አሳየህ ወይ? ቀንዱን ጠጋ አድርገህ እይላት፣ ቋጠሮ ቋጠሮውን ሳይቀር አድርጋዋለች። እኔ አላሳየኋትም፣ ራሷ ኢንተርኔት ላይ አይታ ነው።

አንድ ሐምሌ ላይ ተራራ ወስጃቸው ነበር። ከዴንቨር ብዙም ሳይርቅ ማውንት ብሉ ስካይ የሚባል አለ፣ 4,348 ሜትር ነው፣ አስፋልቱ ጫፉ አጠገብ ድረስ ይወጣል። ትልቁ ልጅ "አያቴ ተራራ ላይም መኪና ይወጣል?" አለኝ። ቧሂት ራሱ ከዚህ ይበልጣል፣ ራስ ዳሸንማ ተወው፣ አያትህ ያንን ሁሉ በእግሩ ነው የወጣው፣ ያውም በኮንጎ ጫማ አልኩት። አላመነኝም። ስንመለስ ደግሞ ጆርጅታውን የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ መንገድ ዳር ቆመህ የተራራ በግ የምታይበት ቦታ አለ፣ ወንዱ ቀንዱ የተጠቀለለ፣ ገደል ላይ ልክ እንደ ዋልያ የሚቆም። ሰው ሁሉ ፎቶ ሲያነሳ እኔ መቁጠር ጀመርኩ። ወንድ ሦስት፣ ሴት ስምንት፣ ግልገል ሁለት። ሰዓቱንም አየሁ። ከዚያ ለማን እንደምናገር ጠፋኝና መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ልጆቹ ምን ሆንሽ ሲሉኝ ንፋሱ ነው አልኳቸው።

ኧረ የልጆቹን ወሬ አበዛሁት። ወንድሜ የነገረኝን ልናገር።

የአስተርእዮ ማርያም ማግስት ለማንም ሳትናገር በሌሊት ወጣህ አሉኝ። እነሱ ቤተ ክርስቲያን የሄድክ መስሏቸው እስከ ምሳ አልፈለጉህም፣ ከዚያ በኋላ ነው ሰፈሩ የታመሰው። ያገኙህ እረኞች ናቸው፣ ቡይት ራስ፣ ገደሉ አፍ ላይ ጋቢህን ተከናንበህ ቁጭ ብለህ። ምን ልታደርግ መጣህ ሲሉህ ጭላዳ ልቆጥር አልክ። አባዬ በምን ዓይንህ! ግራው ከጠፋ ቆየ፣ ቀኙንም ሞራ ሸፍኖታል፣ ራቅ ያለ ሰውን በድምፁ ነው የምትለየው። ወንድሜ ይሄንኑ ሲልህ "በድምፅ ነው የቆጠርኳቸው፣ ከገደል ሲወጡ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው ነው የሚያወራው" አልከው። እሱ ሲነግረኝ ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም እውነትህን ነው፣ ገደሉ ላይ አድረው ጠዋት ወደ ሣሩ ሲወጡ ያንን ጉርምርምታቸውን እኔም እስከዛሬ በህልሜ እሰማዋለሁ። ግን አባዬ ሰባ ሁለት ዓመት ሞላህ እኮ። አንድ እርምጃ ብትስት ሥሩ ምን እንዳለ ከኔ በላይ ታውቃለህ፣ ስንት የወደቀ ሰው በቃሬዛ አውጥተሃል። ጊዜውም ደግሞ ያው የምታውቀው ነው፣ ብቻውን ጋቢ ተከናንቦ ዱላ ይዞ ገደል አፍ ላይ የተቀመጠን ሰው ከሩቅ የሚያይ ምን ብሎ እንደሚያስብ ማን ያውቃል። ኔትወርኩ ጠፍቶ የከረመ ጊዜ አንተ በሕይወት መኖርህን ሳላውቅ ስንት ሌሊት እንዳደርኩ አንድ ቀን እነግርሃለሁ።

ስለ ዓይንህ ጎንደር ቀጠሮ ተይዟል፣ መጋቢት 10። አልሄድም እንዳትል። "የሚያየውን አይቶ የጨረሰ ዓይን ነው" ብለህ ለወንድሜ መልሰሃል አሉኝ፣ ይሄ ንግግር ደስ አላለኝም። የዓይን ሞራ ዛሬ ከባድ ነገር አይደለም፣ አውጥተው ሌንስ ይተኩልሃል፣ በዚያው ቀን ቤትህ ትገባለህ። እኔ የምሠራበት ቦታ ካንተ በአሥርና በአሥራ አምስት ዓመት የሚበልጡ ሽማግሎች አስወጥተው በማግስቱ ጋዜጣ ሲያነቡ አይቻለሁ። ብሩን ልኬያለሁ፣ መንገድ ከተዘጋ ደግሞ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግቡና እቴቴ ቤት እደሩ። የደም ግፊቱን ኪኒን ደግሞ ዛሬ ውጦ ነገ መዝለል አይሆንም፣ ጤና ሲሰማህ አትተወው፣ ጤና የተሰማህ እኮ ኪኒኑ ስለሠራ ነው።

የካቲት 26 እየመጣ ነው። 48 ዓመት ሊሆነው ነው። እዚህ ያሉ ልጆች ፌስቡክ ላይ የካራማራን ፎቶ ሲለጥፉ፣ ታንኩን፣ የሚሊሻውን ሰልፍ፣ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ያሉትን ልጆች አንድ በአንድ አያለሁ፣ አንተ ካለህበት ብዬ። ሃያ ሦስት ዓመትህ ነበር። ከስሜን ገበሬ ጋር ታጠቅ ጦር ሰፈር ወርደህ፣ በጥቂት ወር ሠልጥነህ፣ ባቡር አይተህ የማታውቅ ልጅ ሐረርጌ ገባህ። ጅጅጋ መስከረም 1970 ላይ መያዟን፣ ሐረርና ድሬዳዋ ለጥቂት መትረፋቸውን፣ የካቲት 26 ካራማራ ተይዞ ጅጅጋ መመለሷን እኔ ያወቅኩት ከመጽሐፍ ነው እንጂ ካንተ አይደለም። ካንተ የሰማሁት ሌላ ነው። በኮዳ ክዳን ውሃ ለአምስት ሰው መካፈላችሁን። ከእግርህ ያልወጣው ፍንጣሪ ብርድ ሲሆን ከአጥንትህ ጋ እንደሚያወራ። እና የዚያች ሌሊት ነገር፣ ቃፊር የተላኩት ሦስት ልጆች ፈርተው መንገዱን ሳይጨርሱ ተመልሰው "ማንም የለም፣ ነፃ ነው" ያሉበትን። እናንተ አምናችሁ ወጣችሁ። ግማሻችሁ አልተመለሳችሁም። ይሄን የነገርከኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ሳንቃ በር፣ ምድጃው ዳር፣ እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ለስምንት ዓመት ልጅ የሚነገር አልነበረም ግን ነገርከኝ። ሲያልቅ "ሳያዩ አየሁ የሚል ሰው ከጠላት ይብሳል" አልክ።

1983 ላይ መንግሥት ሲለወጥ ሜዳልያህን በጨርቅ ጠቅልለህ ጎተራ ውስጥ ገብሱ ሥር ቀበርከው፣ እማዬ ገብስ ስታወጣ እጇ ሲነካው ታማትብ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ካራማራ ነበርኩ ብለህ በአደባባይ ሳትናገር ኖርክ። ተናግረህም ቢሆን ብዙ የምታወራ ሰው አልነበርክም። ያንተ ወሬ ደብተርህ ነበር፣ ያ ጠርዙ በላብ የጠቆረው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ወንድ፣ ሴት፣ ግልገል። የስሜን ፓርክ ጠባቂ፣ ስካውት ሆነህ ከተቀጠርክ ጀምሮ፣ ያ ሁላችሁም ፓርኩን ጥላችሁ የወረዳችሁበት የጦርነት ዘመን ሲቀር፣ አንድ ቀን ሳትዘል።

ትዝ ይለኛል ትምህርት ሲዘጋ ይዘኸኝ ትወጣ ነበር። ገና ሳይነጋ፣ ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ፣ ጅባራው መሃል ለመሃል፣ እኔ ያንተን በርኖስ ለብሼ መሬት ለመሬት እየጎተትኩ። ገደሉ ጋ ስንደርስ በሆዴ አስተኝተህ ጭንቅላቴን ብቻ ታሳልፈዋለህ፣ ቀሚሴን ከኋላ ጭምድድ አድርገህ ይዘህ። መጀመሪያ ምንም አይታየኝም፣ ድንጋይ ብቻ። ከዚያ አንዱ ድንጋይ ይንቀሳቀሳል።

"ስንት አየሽ?"

"አምስት።"

"ወንድ ስንት?"

"ሁለት... ምናልባት ሦስት።"

"ምናልባት የለም። ሁለት ካየሽ ሁለት ነው።"

ያየሽውን ብቻ፣ ያየሽውን ብቻ፣ ያየሽውን ብቻ። ዋልያ በዓለም ላይ የቀረችው ይቺው ናት ትለኝ ነበር፣ ብትጠፋ ከሌላ አገር አናመጣትም። ካራማራ የተያዘበት ዓመትና ስሜን የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበበት ዓመት አንድ መሆኑን ታውቅ ነበር? ሁለቱም 1970 ነው። ከዓለም መጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ቦታዎች ሁለቱ የኛ ናቸው፣ አንዱ ላሊበላ አንዱ ያንተ ተራራ። ይሄን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ላንተ ልደውል ነው፣ ያኔ ግን ስልክ አይሠራም ነበር።

በ2011 እሳቱ ግጭ በኩል ሲነሳ ጡረታ ከወጣህ አምስት ዓመት ሆኖህ ነበር። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያ እስኪመጣ የደባርቅ ሰው በአፈርና በቅጠል ነው የተናነቀው፣ አንተም አካፋህን ይዘህ ጠፋህ። ስትመለስ ቅንድብህ ተቃጥሎ ነበር። በቪዲዮ ሳይህ ደነገጥኩ፣ አንተ ግን ጓሳው መልሶ ይበቅላል፣ አስታው ነው ዓመታት የሚፈጀው ነበር ያልከኝ። እኔ ስላንተ እጠይቃለሁ አንተ ስለ አስታ ትመልሳለህ። በዚህ ተቀይሜህ አላውቅም፣ እውነቴን ነው። በዚህ አይደለም።

የወንድሜ ልጅ፣ እዚህ ጋ አቁሚ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ የኔ ቆንጆ፣ ወረቀቱን ለአያትሽ ስጪው።

አባዬ፣ ስለ አምባራሱ ነገር ነው።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፣ አንድም ቀን አውርተነው አናውቅም። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አጎቴ ልጁን ክርስትና ያስነሳ ቀን እማዬ አምባራስ እሱ ቤት ይዛኝ ሄደች፣ አንተ ግዳጅ ላይ ነበርክ። ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር። አጎቴ እጄን ይዞ ጓዳ አስገባኝና ለእህቴ ልጅ በቀንድ ነው የሚቀዳላት ብሎ ብርዝ ሰጠኝ። ዋንጫው በሁለት እጄ እንኳን ይከብደኝ ነበር። ብርዙ ይጣፍጣል ግን ከሥሩ የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ ነበረው፣ አፉ ገና ስላልተፋቀ ከንፈሬን ቧጨረኝ። ትልልቆቹ ሲያወሩ እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ጣቴን በቋጠሮዎቹ ላይ እያንሸራተትኩ ቆጠርኳቸው። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ምናልባት እንዳልል።

በሁለተኛው ቀን ማታ መጣህ። ጠብመንጃህን ፈትተህ በጨርቅ እየወለወልክ ድግሱ እንዴት ነበር አልከኝ። እኔ ደግሞ ሪፖርት ማድረግ እወድ ነበር፣ ሁሉንም ነገርኩህ፣ ስንት እንጀራ ስንት ጋን እንደነበር፣ ማን እንደጨፈረ፣ በቀንድ ብርዝ እንደጠጣሁ። እጅህ ቆመ። ድምፅህ ግን አልተለወጠም። ቋጠሮው ስንት ነበር? አሥራ አንድ። ውስጡ ለስላሳ ነው ሻካራ? ሻካራ። ይሸታል? ይሸታል። "ጎበዝ" አልከኝና ግንባሬን ሳምከኝ።

በማግስቱ ከፖሊስ ጋር ሄዳችሁ። የዋልያው ቆዳ ማድቤት ጣሪያ ውስጥ ተገኘ። እና አጎቴ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ማን ነገረህ ሲልህ፣ ማን ነገረህ አንተ ሰው፣ እዚህ ቤት ከዘመድ በቀር ማን ገባ ሲልህ፣ ልጄ አልከው። አላየሁም ግን አሥር ሰው ነግሮኛል፣ ቃሉም አንድ ነው። ልጄ ናት የነገረችኝ አልክ።

አባዬ እኔ ለምን አሳሰርከው አላልኩም። ዛሬም አልልም። ከጦርነቱ በኋላ በየቤቱ ጠብመንጃ ነበር፣ ዋልያው ሊያልቅ የቀረው ጥቂት መቶ ነበር፣ በዚያው ዓመት በ1989 ነው ዩኔስኮ ስሜንን አደጋ ላይ ናቸው ካላቸው ጋር የመዘገበው፣ ይሄን ሁሉ አሁን አውቃለሁ። ለዘመድ ዓይኔን ልጨፍን ብትል ለባዳውም ትጨፍን ነበር፣ ከዚያ ምን ይቀር ነበር። ግን አንድ ቀን፣ አንድ ቃል፣ ለኔ ስትል ብትዋሽ ምን ነበረበት? እረኛ ነገረኝ ብትል። ጥይቱን ሰማሁ ብትል። ዝም ብትልስ? ዝም ማለት ውሸት አይደለም እኮ፣ ዝም ማለት አንተ የምትችልበት ነገር ነበር።

አጎቴ ሁለት ዓመት ታሰረ። በሬው ተሸጠ። ሲፈታ ያ ሳል ይዞት መጣና ደጃችንን ሳያይ በላይኛው መንገድ ነበር የሚያልፈው። እማዬ አንድ ቀን አልመታችኝም፣ አንድ ቀን አልተቆጣችኝም። ግን ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲሰበሰብ "አንቺ ውጪ ተጫወቺ" ትለኝ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ቁርስ እየበሉ እናቶቻቸው ሥር ተቀምጠው እኔ ብቻ ውጪ። አሥራ አምስት ዓመቴም ሆኖ ውጪ። በሩን እየዘጋች አይደለም፣ ክፍት ነበር፣ ግን እኔ ስገባ ወሬው ይቆማል። ጎንደር ለትምህርት ስሄድ ሰው ሁሉ ያለቀስኩት በናፍቆት መስሎት ነበር።

አንተን አንቱ ማለት የጀመርኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። አስተውለህ ይሆን? ከዚያ በፊት አንተ ነበር የምልህ፣ በርኖስህ ውስጥ ገብቼ አንተ። ከዚያ በኋላ አባባ ይብሉ፣ አባባ ይቀመጡ። ሰው ጨዋ ልጅ ወጣት አለ። እኔ ግን እሩቅ እየገፋሁህ ነበር፣ ሌላ መግፊያ ስላልነበረኝ። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው፣ መጀመሪያ ጊዜ ስደውል ድምፅህን ስሰማ አባዬ እንዴት ነህ ብዬ ያመለጠኝ፣ አንተም ቆይተህ "ደህና ነኝ ልጄ" አልክ፣ ድምፅህ ተሰበረ። እሱንም አላወራነውም።

እማዬ በ2010 ከማረፏ ሁለት ሳምንት በፊት በስልክ፣ ስለ ምንም ሳናወራ፣ "ልጅ ነበርሽ እኮ" አለችኝ። ያን ብቻ። ሁለታችንም ስለምን እንደሆነ አወቅን። እኔ ካንተ የምፈልገው ያንን ነው አባዬ፣ ይቅርታ ጠይቀኝ አላልኩህም፣ ያንን አንድ ቃል ነው።

አሁን ይሄ ሁሉ ለምን መጣብሽ ትል ይሆናል። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እንደሆነ ታውቃለህ፣ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ ማታ ደግሞ የእያንዳንዱን ሰው መዝገብ እሞላለሁ። ስቀጠር ያሠለጠነችን ነርስ መጀመሪያ ያለችን ነገር ምን መሰለህ፣ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፣ የመሰላችሁን አትጻፉ። እኔ ይሄን ትምህርት ሳንቃ በር ነው የጨረስኩት አልኩ በልቤ። ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ ሻወር ቤት በር ላይ ወደቁ፣ ምንም አልሆኑም፣ እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። እጄን ይዘው አትጻፊው አሉኝ፣ ከጻፍሽው ብቻዬን እንድሄድ አይፈቅዱልኝም፣ እባክሽ። ጠዋት ጠዋት ብቻቸውን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ሄደው ወፍ የሚያዩ ሰው ናቸው። እጃቸው ያንተን እጅ ይመስላል። ሽንት ቤት ገብቼ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ወጥቼ ጻፍኩት፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ በየትኛው ጎናቸው እንደወደቁ። አሁን የሚሄዱት በሰው ነው፣ እኔን አያናግሩኝም። ያን ቀን ማታ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ያንተ እጅ ጨርቁ ላይ የቆመበት ሰዓት መጣብኝ። ያኔ ምን አሰብክ? አስበህ ነበር ወይስ ሳታስብ ነው? ይሄን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ዋልያውን ደግሞ ልንገርህ፣ ሳትሰማ አትቀርም። አንተ ጡረታ በወጣህ ሰሞን ዘጠኝ መቶ ገደማ ደርሶ ነበር፣ 2009 ላይም ስሜን ከዚያ የአደጋ መዝገብ ወጣ፣ ወንድሜ ያን ቀን ጠላ አስጠመቅክ ብሎኝ ነበር። አሁን ከጦርነቱ በኋላ ሲቆጠር ወደ ሦስት መቶ ወርዷል። ይሄን ሳነብ ያንተ ደብተሮች ናቸው የታዩኝ። ወንድሜን በፌስታል ጠቅልሎ ደረቅ ቦታ ያስቀምጣቸው ብዬዋለሁ፣ አይጥ እንዳይበላቸው፣ ለፓርኩ ልጆች ብታሳዩአቸውም ይጠቅማቸዋል።

እስካሁን ያልነገርኩህ ነገር አለ፣ ሦስት ሌሊት እየጻፍኩ እየዞርኩት ነው። ለፋሲካ አልመጣም አባዬ። ወረቀቴ አላለቀም፣ ጠበቃዋ አሁን ከአገር ብትወጪ መመለስሽን አላውቅም አለችኝ፣ ልጆቹን ጥዬ ደግሞ አይሆንም። ወንድሜን አትንገረው ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሱን እንዳትቆጣው። ቡይት ራስ ሄደህ የተገኘህ ቀን ወንድሜ ሲደውል ቁጥሩን አይቼ ያነሳሁት ስንተኛው ጥሪ ላይ እንደሆነ ብነግርህ፣ አራተኛው ላይ ነው። ሦስቱን ፈርቼ አየሁት። ሁልጊዜ ከደባርቅ በሌሊት ስልክ ሲመጣ እንደዚያ ነኝ። ስለዚህ ገደሉ አፍ ላይ አትቀመጥብኝ። የምለምንህ እንደ ልጅህ ነው።

መጋቢት 10 ሂድ። ፋሻው ከተፈታልህ በኋላ ወንድሜ በመኪና ቡይት ራስ ይወስድሃል፣ ተስማምተናል፣ ነዳጁን እኔ ነኝ የምችለው፣ ከጫፉ ራቅ ብለህ ትቀመጣለህ። ከዚያ ስልኩን ይያዝልህና ድምፅህን ቅዳልኝ። ስንት አየህ፣ ወንድ ስንት፣ ሴት ስንት፣ ግልገል ስንት፣ በስንት ሰዓት። እሱን ስትጨርስ ወንድሜን ትንሽ ዞር በል በለውና ስለዚያ ዋንጫ ንገረኝ። አጭር ቢሆንም ምንም አይደል።

ልጆቹ ጉልበትህን ይስማሉ። የትንሿን ስዕል ግድግዳ ላይ ለጥፍላት።

ልጅህ

ጫማ ከሰው ጋ ልኬያለሁ፣ ቁጥሩ 43 ነው፣ በወፍራም ካልሲ አድርገው። ኪኒኑን አደራ፣ በየቀኑ።